በሯጮች አገር፣ በልጅ እርምጃ

ከቤታቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው መንገድ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አባትየው ግማሽ ኩንታል ስንዴውን ለባለጋሪ አስጭኖ አስቀድሞ ልኮታል፤ እሱ የአራት ዓመት ልጁን እጅ ይዞ በእግሩ ይከተላል። ከግቢያቸው ሲወጡ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ጋሪው ጭነቱን አራግፎ፣ የሌላ ሰው ጭኖ፣ ከነአካቴው ከዓይን ተሰውሯል።

በመሃል ምን ተፈጠረ ቢባል ምንም። ልጅቱ የቆመ ፈረስ አየች። ፈረሱ አንድ የኋላ እግሩን በሰኮናው ጫፍ ብቻ አሳርፎ ነበርና «ለምንድን ነው በሦስት እግሩ የሚቆመው?» ብላ ጠየቀች። «ደክሞታል፤ እያፈራረቀ ያሳርፋቸዋል» አላት አባቷ። እሷም በአንድ እግር መቆም አማራት፤ ሞከረች፣ ወደቀች፣ ደገመች። የፈረሱ ባለቤት ከጋሪው ላይ ሆኖ በኦሮምኛ ሲያበረታታት በኦሮምኛ መለሰችለት፤ ወዲያው ዞር ብላ ያላትን ለአባቷ በአማርኛ ነገረችው፣ እሱ ያልሰማ ይመስል። ቀጥሎ ጉሊት ላይ በመደብ በመደብ የተደረደረውን ቲማቲም መቁጠር መጣ። ባለጉሊቷ «ነይ የኔ ቆንጆ» ብለው አንዱን ሰጧት፤ ተቀበለች፣ ማመስገን ግን ረሳች፤ ተመልሰው ሄደው አመሰገኑ። ከብየዳ ቤቱ ሰማያዊ ብልጭታ ሲወጣ አባት በመዳፉ ዓይኗን ከለለ፤ ይህ ደግሞ ሌላ አምስት ጥያቄ ወለደ።

በኢተያ እንዲህ ያለ አባትና ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እናትና ልጅ፣ በየገበያው ቀን ይታያል። ከተማዋ የአርሲ ዞን የሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከአዳማ 50፣ ከአሰላ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሮች በመንገዱ ላይ ሲያልፉ ልጆች ከየበራቸው ይወጣሉ። ለሕፃናት ተብሎ የተሠራ የመዝናኛ ስፍራ እንደ አዲስ አበባ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የትንሽ ልጅ ሽርሽር ማለት የወላጅ ጉዳይ ማለት ነው፤ ወፍጮ፣ ገበያ፣ ቦኖ፣ ጤና ጣቢያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዘመድ ጥየቃ። ልጅ ተከትሎ ይሄዳል፣ ወይ አንቀልባ ላይ ይሄዳል፣ ወይ በአባቱ ትከሻ እሽኮኮ ተደርጎ።

አርሲ ግን በልጆች እግር ስሙ የሚነሳው በሌላ ታሪክ ነው። አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ደርሶ ለመመለስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ እንደነበር፣ ሲሮጥ የግራ ክንዱ የሚታጠፈውም ደብተር ይዞ ከመሮጥ በቀረ ልማድ እንደሆነ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ከአሰላ በስተደቡብ ያለችው በቆጂ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ከእሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ እዚያው በቆጂ ሆነው ከእነዚህ አትሌቶች ብዙዎቹን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ያምራልም። ነገር ግን የሚጀምረው ልጁ ብቻውን መሮጥ ከቻለበት ዕድሜ ነው። ያ ልጅ ከዚያ በፊት በማን እጅ ተይዞ፣ በየስንት እርምጃው እየቆመ፣ ምን እየጠየቀ እንደሄደ የዘገበ የለም። በዘገምታ የተሄደው መንገድ ሜዳሊያ ስለማያስገኝ ይሆናል።

ይህ ዘገምተኛ መንገድ ግን የጥናት ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ጃማይካ ውስጥ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በዋና ከተማዋ ኪንግስተን፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ወደ ከፊሎቹ ቤት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመት እየሄዱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚነጋገሩ አሳዩ። መጫወቻዎቹ ከተጣለ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ፈልገው ሲያገኟቸው፣ የጨዋታ ጉብኝት ያገኙት ካላገኙት በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ደግሞ እስራኤላዊቷ ፕኒና ክላይንና ኖርዌያዊው ሄኒንግ ራይ በአዲስ አበባ ከድሃ ቤተሰብ እናቶች ጋር የሠሩት ሥራ አለ። እናቶቹ የተማሩት አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ አልነበረም፤ ልጁ ያየውን አብሮ ማየት፣ ስሙን መንገር፣ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ሲሳካለት ማድነቅ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲጎበኙ ልማዱ አብሯቸው ነበር። ከወፍጮው መንገድ ጋር ሲተያይ፣ ስለ ፈረሱ እግር ያች አጭር ምላሽ የተሰጠችው ያለ ሥልጠና ነው። አባትየው ብዙ አላወራም። ጥያቄው እስኪያልቅ ግን ቆሞ ሰምቷል።

ወፍጮ ቤቱ ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩ ሲነሳ ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች፤ የምትለው አይሰማም፣ የሚሏት አትሰማም። ባለወፍጮው ከጫማው እስከ ቅንድቡ ነጭ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አስፈጪዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። ስንዴው ከተመዘነ በኋላ ልጅቱ ራሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። «አሥራ አምስት ኪሎ፣ ከነጫማዋ» አለ ባለወፍጮው፤ «እሷንም ልፍጫት?» በርግጋ አባቷ እግር ሥር ተወሸቀች፤ ትንሽ ቆይታ ብቅ ብላ «እንደገና መዝነኝ» አለች።

ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ መውጣት ጨዋታ ነው፤ ጤና ኬላ ያለው ሚዛን ግን የምር ነው። በሰባት መቶና በስምንት መቶ ግራም ልዩነት የሚጨነቁ እናቶች እዚያ አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑን ማንጠልጠያው ውስጥ አስገብታ ትመዝናለች፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ የክንዱን ዙሪያ ቀለም ባለው ቴፕ ትለካለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እህል የሞላበት አገር ይህን ብቻውን አያስቀረውም። ልጅ ዳቦና ገንፎ እየበላ እንቁላል፣ ወተትና አትክልት ካላገኘ፣ ወይም ተቅማጥ በተደጋጋሚ ከጣለው፣ ቁመቱ ይቀራል።

ስለዚህ ውሃም የልጅ ጉዳይ ነው። ሂጦሳ በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ ዎተርኤይድ የተባለው ድርጅት እያገዘ፣ ነዋሪው ራሱ ቦይ እየቆፈረ፣ ከበዳ ተራራ ምንጮች የተጠለፈው ውሃ ያለ ሞተር በቁልቁለቱ ብቻ ተስቦ ወደ ከተሞችና ወደ ብዙ የገጠር መንደሮች ወረደ። አስተዳደሩም በተጠቃሚው እጅ ሆነ፤ በጊዜው ለሌሎች ወረዳዎች አርአያ ተደርጎ የተጠቀሰ ሥራ ነው። ቦኖ ከቤት አጠገብ ሲሆን እናት ጀሪካን ይዛ ግማሽ ቀን አታጠፋም። ትንሽ ልጅም ጫፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ይዞ ተከትሏት ሄዶ፣ ግማሹን በመንገድ እያፈሰሰ፣ «እኔም ቀዳሁ» እያለ ይመለሳል። ሥራ ሊሉት የሚከብድ ሥራ ነው፤ ለልጁ ግን የቀኑ ትልቁ ክንውን እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ መሄድም እንደዚሁ ወጪ ወራጁ የሚያውቀው የቤተሰብ ጉዞ ነው። ከተወለደ ጀምሮ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛው ወር ለኩፍኝ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በ15ኛው ወር ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ካርድ ተይዞ ይኬዳል። ወረፋው ውስጥ አባት ሲገኝ አሁንም ዓይን ይስባል። እናቶች ገለል ብለው ቦታ ይለቁለታል፤ አንዷ ደግሞ «እናቱስ ደህና ናት?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ አባት ሕፃን ይዞ የሚመጣው እናት ስትታመም ብቻ ነው የሚል ግምት አለና። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን ጠያቂ ለመቀበል እንኳ አይበቃም። በግብርናና በጋሪ ሥራ የሚተዳደረው የኢተያ አባት ደግሞ የአዋጁን ሦስት ቀንም የሚቆጥርለት አሠሪ የለውም። በሌላ በኩል ጊዜው የራሱ ነው፤ ልጁን ጋሪ ላይ አስቀምጦ መሥራት ይችላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል።

እንዲህ ስንል ሁሉም ያማረ ነው ማለት እንዳይሆን፣ የአስፋልቱን ነገር እናንሳ። ከአዳማ የሚመጣውና ወደ አሰላ፣ ወደ በቆጂ፣ ወደ ባሌ የሚያልፈው መንገድ ከተማዋን ለሁለት ይሰነጥቃታል። እህል የጫነ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ አንድ ላይ ይጠቀሙበታል፤ በገበያ ቀን አህያና በግ ይጨመርበታል። የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ከቆመ መኪና ኮፈን አይበልጥም፤ ሾፌሩ አያያትም፣ እሷም ከጀርባው የሚመጣውን አታይም። ማየት ብትችል እንኳ በዚህ ዕድሜ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት አገናዝቦ መገመት አይቻልም። ስለዚህ የኢተያ ወላጆች ደንብ አንድ ነው፦ አስፋልት ላይ እጅ አይለቀቅም፤ ያለቀሰ ያልቅስ። አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ውስጥ ሰፈር ሲገቡ እጁ ይለቀቃል፤ ልጅቱም እንደተፈታ ጥጃ ትፈተለካለች።

የውስጥ ለውስጡ መንገድ ነው የልጆቹ ሜዳ። ሰኞ ማክሰኞ አፈሩ ላይ ተሠምሮበታል፤ ብይ፣ ቆርኪ፣ ድብብቆሽ፣ የጨርቅ ኳስ፣ በዱላ የሚነዳ አሮጌ ጎማ ሁሉም አለ። ትንንሾቹ መጀመሪያ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ኋላ ኳስ አምጪ ይሆናሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ፣ ከዚህም 60ው ላብ የሚያስወጣ እንዲሆን ይመክራል። የኢተያ ልጅ ይህን ሳያውቅ ገና ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ ግን ሰዎች፣ ልጆችም ጭምር፣ አስፋልት ላይ እንዲንቀሳቀሱ በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ብላ የተመረጡ ጎዳናዎችን በወሩ አንድ እሑድ ለመኪና መዝጋት ጀመረች። ዋና ከተማዋ በፕሮግራም ልትመልሰው የሞከረችውን ነገር ትንሿ ከተማ ገና አልተነጠቀችም። ነገር ግን ኢተያም እያደገች ነው። ክፍት ቦታ በየዓመቱ ይታጠራል፤ የከተማ ፕላን ሲሠራ ለልጆች ሜዳ የሚከራከር ሰው ካልተገኘ የዛሬው ጭቃ ሜዳ ነገ የሱቅ ረድፍ ይሆናል።

ከአጥሩ ሌላ የስልኩ ነገር አለ። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ ይሻላል ይላል። እናት ወጥ ስትሠራ፣ አባት ሒሳብ ሲሠራ፣ ስልክ ለልጅ መስጠት ቀላል ነው፤ ልጁ ዝም ይላል። ስክሪን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጅማሮ ዘመን አንስተው ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲያወሩ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ በሐምሌ 2009 ሲያርፉም ያለቀሱት የዚያ ዘመን ልጆች አያት ሆነው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀድሞዋ የሕፃናት መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ም የስድስት ዓመት ቀጭኔ አሻንጉሊት ይዞ እጅ መታጠብንና ቆጠራን አስተምሯል። ሁለቱም ሲታዩ ልጁ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው የተቀመጠ የሦስት ዓመት ልጅ ማንን ይጠይቃል?

ለትምህርት ሲደርስ ልጁ ከአንደኛ ክፍል በፊት ወዳለው ኦ-ክፍል ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተስፋፋው ይህ ክፍል፣ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚከፍለው ለሌለው ቤተሰብ በር ከፍቷል። ክፍሉ ብዙውን ጊዜ የተጨናነቀ ነው፤ አንዲት መምህርት ለሁሉም ልጅ ጥያቄ መልስ ልትሰጥ አትችልም። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ክብደታቸው የሚታየው ያኔ ነው።

በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ እውነተኛው ሽርሽር ይመጣል፦ አሰላ። ሚኒባሱ መስኮት ዳር መቀመጥ ግድ ነው፤ በልጅ ዘንድ ለዚህ ድርድር የለም። ጎንዴ ታልፋለች፤ ከዚያ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይመጣል። በኢትዮጵያ እርሻዎች ላይ የተስፋፉ ብዙ የስንዴ ዝርያዎች የወጡበት ነው። ከመስኮት ሲታይ ግን ለልጅ ሌላ ነገር ነው፤ ትንንሽ አራት ማዕዘን ማሳዎች፣ እያንዳንዱ የስም ታርጋ ያለው። «ስንዴ ስም አለው?» ብላ ጠየቀች። አለው። አባት የሚያውቃቸውን ዝርያዎች ስም ሲዘረዝር ፊት ወንበር የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው የረሳውን ጨመሩለት፤ ሚኒባሱ ሙሉ ስለ ስንዴ አወራ። በስተግራ ጭላሎ ደመናውን ለብሶ ተቀምጧል። ወላጅ ከረፋድ በፊት አሰላ ከደረሰ ከጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ የሚወጡ ወጣቶች በመንገዱ ዳር ሲሮጡ ያሳያል። ልጅቱ አይታ «የት ነው የሚሄዱት?» አለች። «የትም፤ ሮጠው ይመለሳሉ።» መልሱ አልተዋጠላትም። ለመንገዱ በጨርቅ የተቋጠረላትን ጩኮ እየቆረሰች ነገሩን ስታብሰለስል ቆየች፤ በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት ቀሚሷ ላይ ተበትኖ፣ እናቷ ቤት ስትደርስ የምትለው ከወዲሁ ታውቋል።

ሐምሌ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቆማል። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። ከወፍጮ የሚመለስ ሰው ልጁን ጋሪው ላይ በላስቲክ ሸፍኖ ያመጣል እንጂ አያስከትልም። ያኔ ጨዋታው ወደ ምድጃ ዳር ይገባል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ቤት «ሂቦ»፣ አማርኛ ተናጋሪው ቤት «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ ሁለቱም በሚነገሩበት ቤት በሁለቱም ይኬዳል። ትንንሾች ከትልልቆቹ የሰሙትን ሲጨርሱ የራሳቸውን ይፈጥራሉ፤ ለእነዚህ መልስ ማግኘት ለአዋቂ ከባድ ነው።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ?»

«ቀይ ነው፣ ይሮጣል፣ ጥርስ የለውም።»

አባት ባጃጅ አለ። አይደለም። ኮምባይነር? ኮምባይነር ጥርስ አለው ተብሎ ተዘለፈ። እናት ከማጀት ሆና እሳት አለች፤ እሱም አይደለም። በደንቡ መሠረት ያልመለሰ አገር ይሰጣል። አባት አዳማን ሰጠ፤ ልጅቱ አዳማ ይሞቃል ብላ መለሰች። አዲስ አበባን ጨመረላት፤ አልፈልግም አለች። አሰላን ልትወስድ ነበር፤ ትንሽ አስባ ተወችው። በመጨረሻ ሁሩታን ጠይቃ ወሰደች፤ አያቷ እዚያ ናቸው። ከዚያ መልሱን ነገረቻቸው፦ የአያቷ አውራ ዶሮ።